ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ባለቤቱ ጠፍቷል

በ2021 መጀመሪያ ላይ ሃያ ያህል የኦንላይን ሙዚቃ አገልግሎቶች አሜሪካ ውስጥ ለተቋቋመ አንድ አዲስ ድርጅት 424 ሚሊዮን ዶላር አስረከቡ። ቅጣት አልነበረም። ስጦታም አልነበረም። ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች መከፈል የነበረበት፣ ግን የማን እንደሆነ ባለመታወቁ ለዓመታት የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ዘፈኖቹ ተደምጠዋል። ሒሳቡም ተሠርቷል። ተቀባዩ ነው ያልተገኘው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሙዚቃ ቅጂ መብት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው «አንድ ጊዜ ሲደመጥ ስንት ሳንቲም ይከፈላል?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ገንዘቡስ የሚላከው ለማን ነው? ይህ መልስ ሳያገኝ ክፍያው እጥፍ ቢሆን፣ እጥፍ የሚሆነው ባለቤት ያጣው ክምር ነው። የደራሲው ኪስ ያው እንደነበረ ይቀራል።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ንብረት

ጆሯችን የሚሰማው አንድ ዘፈን ነው። ሕጉ ግን ሁለት ነገር ያያል። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቀረጻው ነው፤ አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ያ ድምፅ። የድርሰቱ መብት ብዙውን ጊዜ በደራሲውና በሙዚቃ አሳታሚው (የደራሲውን መብት በሚያስተዳድረው ኩባንያ) እጅ ነው። የቀረጻው መብት ደግሞ በሌብሉ (ቀረጻውን በሚያወጣው ኩባንያ)፣ ወይም በራሱ ወጪ በሚሠራው ድምፃዊ እጅ። አንዱን ዘፈን አሥር ሰው ቢዘፍነው ድርሰቱ አንድ፣ ቀረጻው አሥር ይሆናል።

ነገሩ እዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አይቆምም። ማባዛት አንድ መብት ነው፤ ለሕዝብ ማሰማት ሌላ። ከፊልም ወይም ከማስታወቂያ ምስል ጋር ማጣመር ደግሞ ሌላ። ድሮ ይህ ክፍፍል ማንንም አያደናግርም ነበር። ሸክላ አታሚው ያባዛል፣ ሬዲዮ ጣቢያው ያሰማል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ይከፍላሉ። አሁን ስልካችን ላይ ያችን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ስንነካ ግን የተደረገው የቱ ነው? ማባዛት ወይስ ማሰማት?

አሜሪካንን ጨምሮ የብዙ አገር ሕግ መልስ «ሁለቱም» ነው። ስለዚህ ለአንዲት ንክኪ በድርሰቱ በኩል ሁለት ፈቃድ፣ በቀረጻው በኩል ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሰጡትም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለማሰማቱ ብቻ አስካፕ፣ ቢኤምአይ፣ ሴሳክና ጂኤምአር የሚባሉ አራት ዋና ዋና ድርጅቶች አሉ። አንዱ ደራሲ አስካፕ ጋ ተመዝግቦ፣ አብሮት የጻፈው ጓደኛው ቢኤምአይ ጋ ሊሆን ይችላል። ዘፈኑን ማጫወት የሚፈልግ ሁለቱም በር ላይ መቆም አለበት ማለት ነው።

ይህ ውጥንቅጥ አንድ ክፉ ሰው አስቦበት የሠራው አይደለም። ቴክኖሎጂ በተለወጠ ቁጥር አንድ ክፍል እየተቀጠለበት የመጣ አሮጌ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ግድግዳ ማየት የሚፈልግ ፓሪስ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ይገባል።

ስኳር ውሃና የፒያኖ ጥቅል

ዓመቱ 1847 ነው። ኧርነስት ቡርጄ የሚባል የዘፈን ደራሲ «ሌ ዛምባሳደር» ወደሚባል የሙዚቃ ካፌ ከጓደኞቹ ጋር ገባ። መድረክ ላይ የሚዜመው የእነሱ ሥራ ነው። የሚከፍላቸው ግን የለም። ሒሳብ ሲመጣ አንከፍልም አሉ። የጠጡት ስኳር ውሃ ነበር ይባላል። እናንተ ሥራችንን በነጻ ከተጠቀማችሁ፣ እኛም መጠጣችሁን በነጻ እንጠጣለን ነው ነገሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ደራሲዎቹ ረቱ። በ1851 ሳሴም የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬም አለ፤ ዛሬም ይሰበስባል።

የሳሴም ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ደራሲ በየካፌው እየዞረ ማን የእሱን ዘፈን እንዳጫወተ መቁጠር አይችልም። የካፌው ባለቤትም በየምሽቱ አሥር ደራሲ እየፈለገ ፈቃድ አይለምንም። ስለዚህ ማኅበሩ መሐል ይገባል። ለካፌው አንድ የጅምላ ፈቃድ ይሰጣል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ለአባላቱ ያከፋፍላል። አስካፕ በ1914 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው በዚሁ መንገድ ነው።

የማባዛት መብት ግን ሌላ ጎዳና ሄደ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በየሳሎኑ በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበር። የሚያጫውተው ቀዳዳ የተበሳሳበት የወረቀት ጥቅል ነው። የጥቅል ፋብሪካዎቹ ለደራሲው ይክፈሉ? በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይክፈሉ አለ። ምክንያቱ፣ ሰው ጥቅሉን በዓይኑ አንብቦ ዜማውን ሊያወጣ ስለማይችል «ቅጂ» አይባልም የሚል ነበር። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ፈገግ ይላል። ግን ፋይል ምንድን ነው? ያው ማሽን እንጂ ሰው የማያነበው ቀዳዳ አይደል?

ምክር ቤቱ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1909፣ አስተካከለው። ደራሲው ይከፈለው ተባለ። ነገር ግን ሌላ ስጋት ነበር። ኤኦሊያን የተባለ የጥቅል አምራች ከብዙ አሳታሚዎች ጋር ብቸኛ ውል አስሮ ገበያውን ለመያዝ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን ለመከላከል ሕጉ የግዴታ ፈቃድን ፈጠረ። አንድ ዘፈን አንዴ በደራሲው ፈቃድ ከተቀረጸ በኋላ ማንም ሰው በሕግ የተወሰነውን ዋጋ ከፍሎ ሊቀርጸው ይችላል። ደራሲው እንቢ ማለት አይችልም።

ዋጋው ለአንድ ቅጂ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። እስከ 1978 ድረስ 2 ሳንቲም ሆኖ ቆየ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት! ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፣ ሬዲዮ መጣ፣ ካሴት መጣ፣ ሁሉ ነገር ተወደደ፤ ያቺ 2 ሳንቲም ንቅንቅ አላለችም። በ1978 ወደ 2.75 ከፍ አለች። በ2006 9.1 ደረሰች። ከዚያ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ እንደገና ተኛች። በ2023 ነው 12 ሳንቲም የሆነችው። ዋጋ በሕግ ሲታሰር ማን እንደሚጠቀም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ደብዳቤ በሚሊዮን

የ1909ኙ ፈቃድ አሠራር አንድ ጠባይ ነበረው። ለእያንዳንዱ ዘፈን ለየብቻው ማስታወቂያ ይላካል። አንድ አልበም አሥራ ሁለት ዘፈን ቢኖረው አሥራ ሁለት ደብዳቤ። ለሸክላ አታሚ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በአንድ ቀን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዘፈን ከፍቶ ለሚያቀርብ አገልግሎትስ?

ሕጉ ለዚህም መውጫ ነበረው፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው። የባለመብቱ አድራሻ ካልተገኘ ማስታወቂያውን ለቅጂ መብት ቢሮ መላክ ይቻላል። አገልግሎቶቹም በሚሊዮን እያደረጉ መላክ ጀመሩ። ከዚያስ? ባለመብቱ በቢሮው መዝገብ ላይ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ክፍያ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ዘፈኑ በሕጋዊ መንገድ ይደመጣል፤ ደራሲው በሕጋዊ መንገድ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ደራሲው ደግሞ የት ተደብቆ? ስሙ ዘፈኑ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ውስጥ ስለሌለ ብቻ የለም።

ሁሉም አገልግሎት ይህንንም በወጉ አላደረገም። በ2015 መጨረሻ ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ አገልግሎት ያለ ፈቃድ ዘፈን ያሰማል ተብሎ በደራሲዎች ተከሰሰ፤ በ43.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በ2017 የመጨረሻዎቹ ቀናት ዊክሰን የተባለ አሳታሚ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ ሌላ ክስ መሠረተ። ያም በስምምነት ተዘጋ። ዋናው ነገር ግን ክሶቹ ሁለቱንም ወገን አስደነገጡ። አገልግሎቶቹ ከክስ ዋስትና ፈለጉ። አሳታሚዎቹ ገንዘባቸውን ፈለጉ።

ኦክቶበር 2018 የጸደቀው የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ የተወለደው ከዚህ ድንጋጤ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 415 ለ0 ነው ያሳለፈው። ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ብርቅ ነው። ሕጉ የዘፈን በዘፈኑን ማስታወቂያ ለስትሪሚንግ (ዘፈንን በቀጥታ ከኢንተርኔት ለማድመጥ) አስቀረና የፓሪሱን ሐሳብ ወደ ማባዛት መብት አመጣው፤ አንድ የጅምላ ፈቃድ። ፈቃዱን የሚያስተዳድረው ኤምኤልሲ የተባለው ድርጅት በጃንዋሪ 2021 ሥራ ጀመረ። ሥራ ማስኬጃውን የሚሸፍኑት አገልግሎቶቹ ናቸው፤ ከደራሲው ሮያሊቲ (የመብት ክፍያ) አይቆረጥም። የመዝገብ ቋቱም ለሁሉም ክፍት ነው። ያ 424 ሚሊዮን ዶላር የሄደው እዚህ ነው።

ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ። ግን ሁለት ነገር ይከነክነኛል። አንደኛ፣ ያዋሐደው ማባዛቱን ብቻ ነው። ለማሰማቱ አራቱ ድርጅቶች እንደየቦታቸው አሉ። ሁለተኛው ይብሳል። ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ባለቤት ካልመጣ ለሚታወቁት ባለመብቶች በገበያ ድርሻቸው ልክ ሊከፋፈል ይችላል። ትልቅ ድርሻ ያለው ማን ነው? ትልልቆቹ አሳታሚዎች። ትንሹ ደራሲ ባልተገኘ ቁጥር የእሱ ድርሻ ለትልቁ ይሄዳል። በዚህ አሠራር ውስጥ ትንሹን አጥብቆ ለመፈለግ ምን ምክንያት አለ? ድርጅቱ አይፈልግም ማለቴ አይደለም። ሕጉ ግን ፈላጊውንና ተጠቃሚውን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጧል።

አንዲት መስመር

እስቲ ከመዝገቡ አንዲት መስመር በሐሳብ እናውጣ። አራት ሰዎች አንድ ምሽት ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ዘፈን ጻፉ። አንዱ ግጥሙን፣ አንዱ ዜማውን፣ ሦስተኛው ቢቱን፣ አራተኛው አዝማቹ ላይ ሁለት ቃል። ድርሻ አልተነጋገሩም፤ ጓደኛሞች ናቸው፣ ይሉኝታ አለ። ከወር በኋላ እያንዳንዱ በየራሱ አሳታሚ በኩል አስመዘገበ። 35፣ 30፣ 25 እና 20። ደምሩት፤ 110 ይመጣል። ኮምፒዩተሩ 110 በመቶ የሚባል ነገር አያውቅም። ክፍያው ይታገዳል። አሥር በመቶዋ ሁሉንም ይዛ ቁጭ ትላለች።

ይህ ለምልክት ነው። ሌላም አለ። የአንዱ ስም አንድ ቦታ በሙሉ፣ ሌላ ቦታ በቅጽል ስሙ ተጽፏል። ሦስተኛ ቦታ አንድ ፊደል ተዘልሏል። በላቲን ፊደል በማይጽፉ ቋንቋዎችማ አንድ ስም አምስት ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሰው አምስት ሰው ይሆናል።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናሉ የተባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አይኤስአርሲ ለቀረጻው የሚሰጥ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ነው። አይኤስደብሊውሲ ለድርሰቱ የሚሰጥ፣ በቲ ፊደል የሚጀምር መለያ ነው። ቀረጻው ቁጥሩን የሚያገኘው ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት ነው፤ ያለ እሱ አገልግሎቶቹ ጋ አይጫንም። ድርሰቱ ግን ደራሲዎቹ በየማኅበራቸው እስኪያስመዘግቡ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ነው የሚደርሰው። ይቺ ቀረጻ ከዚያች ድርሰት ጋር ናት የሚል፣ ዓለም ሁሉ የሚስማማበት አንድ መዝገብ የለም። ዘፈኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዛት ይደመጣል፤ የደራሲው መታወቂያ ገና እየተሠራ ነው።

አንድ መዝገብ ለመሥራት ተሞክሮ ያውቃል። ዓለም አቀፍ የሥራዎች ቋት በሚል ማኅበራት፣ አሳታሚዎችና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለዓመታት ተሰብስበዋል። በ2014 ፈረሰ። ቴክኖሎጂው አልነበረም ችግሩ። ወጪውን ማን ይሸፍን፣ ቋቱን ማን ይቆጣጠር የሚለው ላይ መስማማት አቃታቸው። ማኅበራት የሚኖሩት በያዙት መረጃ ነው። መረጃውን ለሁሉም ክፈቱ ማለት፣ ለአንዳንዶቹ ሱቃችሁን ዝጉ እንደማለት ነው የሆነባቸው።

አውሮፓ የሄደችበት መንገድ

አውሮፓ ውስጥ ችግሩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እያንዳንዱ አገር የራሱ ማኅበር አለው። አንድ አገልግሎት በመላው አኅጉር ለመሥራት በየአገሩ በር ማንኳኳት ነበረበት። በ2005 የአውሮፓ ኮሚሽን ባለመብቶች ማኅበራቸውን በነጻነት እንዲመርጡ መከረ። ውድድር ይመጣል፣ ነገሩ ይቀላል ተብሎ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች የኦንላይን መብታቸውን ከአገር ማኅበራት እያወጡ ለየብቻ ወደሚደራደሩ ድርጅቶች ወሰዱት። ድሮ ቢያንስ በአንድ አገር ውስጥ አንድ ሱቅ ነበር። አሁን እዚያው አገር ውስጥ ብዙ ሱቅ ሆነ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። በ2014 የወጣው መመሪያ ብዙ አገር የሚሸፍን ፈቃድ ለሚሰጡ ማኅበራት የመረጃ ጥራትና የግልጽነት ግዴታ ጥሎ ነገሩን ለመሰብሰብ ሞከረ።

ጀርመን ውስጥ ያለ ሰው ይህን ጣጣ በዓይኑ አይቶታል። ጌማ የተባለው የደራሲዎች ማኅበርና ዩቲዩብ በዋጋ ሳይስማሙ ከ2009 እስከ 2016 ቆዩ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት አንድ ጀርመናዊ የዘፈን ቪዲዮ ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር ሰሌዳና የይቅርታ ጽሑፍ ነበር። ድንበር ተሻግሮ ኦስትሪያ ቢገባ ያው ቪዲዮ ይከፈትለታል።

በ2019 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ፣ በተለይ 17ኛው አንቀጽ፣ ተጠቃሚዎች የሚጭኑትን ይዘት የሚያቀርቡ ትልልቅ መድረኮች ፈቃድ ለማግኘት የሚቻላቸውን ሁሉ ማድረግ አለባቸው አለ። ያን ሰሞን ጎዳና ላይ ሰልፍ ያስወጣው ይህ አንቀጽ ነው። እኔ ግን ብዙ ያልተወራለትን ሌላ የመመሪያውን ክፍል እወደዋለሁ። ፈቃዱን የገዛው ወገን ለደራሲውና ለተጫዋቹ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሥራው ምን እንዳስገባ እንዲነግረው ያስገድዳል። ሒሳቡን የማያይ ሰው መደራደር አይችልም።

ሳንቲሟ እንዴት ትከፋፈላለች?

አሁን ወደ ተለመደው ጥያቄ። ከስትሪሚንግ ገቢ በግምት 30 በመቶው ለአገልግሎቱ ይቀራል። 55 ገደማው ለቀረጻው ባለመብት፣ 15 ገደማው ለድርሰቱ ይሄዳል። እንደ አገሩና እንደ ውሉ ይለያያል፤ ቅርጹ ግን ይኸው ነው። ድርሰቱ ለምን ያንሳል? በሸክላና በሲዲ ዘመን ፋብሪካውን፣ መኪናውን፣ መጋዘኑን የሚሸፍነው ሌብሉ ነበር። ዛሬ መኪናም መጋዘንም የለም። ክፍፍሉ ግን አብሮ ተሻግሯል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሜዳው ልዩነት አለ። ሌብሉ ለስትሪሚንግ እንደ ነጋዴ ይደራደራል፤ ካልተስማማ ዘፈኑን ያነሳል። የድርሰቱ የማባዛት ዋጋ ግን በሦስት ዳኞች ቦርድ ይወሰናል። ቦርዱ በ2018 ዋናውን መጠን በአምስት ዓመት ከአገልግሎቱ ገቢ 10.5 በመቶ ወደ 15.1 በመቶ እንዲያድግ ወሰነ። ይግባኝ ተባለ፣ ተከራከሩ፤ የመጨረሻው ውሳኔ የመጣው በ2023 ነው፤ አምስቱ ዓመት ካለፈ በኋላ። ስፖቲፋይ በድምፅ የሚተረኩ መጻሕፍትን ጨምሮ ደንበኝነቱን በሕጉ ዝቅ ያለ ክፍያ ያለው «ጥቅል» ብሎ ሲሰይመው ደግሞ የድርሰቱ ድርሻ ዝቅ አለ። ኤምኤልሲ በሜይ 2024 ከሰሰ። የመጀመሪያው ክስ በጃንዋሪ 2025 ውድቅ ቢደረግም ክርክሩ በዚያ አላበቃም። በሕግ የታሰረ ዋጋ አንድ ቃል ሲለወጥ እንዴት እንደሚንሸራተት አያችሁ?

ሌላው ክርክር የማሰሮው ነው። አብዛኛው አገልግሎት የሁሉንም ደንበኛ ገንዘብ አንድ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ በጠቅላላ የማድመጥ ድርሻ ያካፍላል። አንድ ሰው ወሩን ሙሉ አንድ የጃዝ ተጫዋች ብቻ ቢሰማም፣ ገንዘቡ ባብዛኛው ሰምቷቸው ለማያውቃቸው ይሄዳል። ሳውንድክላውድ የተባለው አገልግሎት በ2021 ለራሳቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞች የእያንዳንዱን ደንበኛ ገንዘብ ለሰማቸው ብቻ ማካፈል ጀመረ። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ቀረጻ መክፈል አቁሟል። የሳንቲም ፍርፋሪ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን የአንዱ ፍርፋሪ ተጠራቅሞ ወደ ሌላው ሲሄድ ሕጉ ዝም ማለት ነበረበት? አይመስለኝም።

አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ሬዲዮ ለድምፃዊው ሳንቲም አይከፍልም፤ ለደራሲው ብቻ። የኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ለሁለቱም ይከፍላል። አንድ ዘፈን፣ አንድ ጆሮ፣ ልዩነቱ አንቴና ነው። በዚህ የተነሳ አንዳንድ አገሮች ለአሜሪካ ድምፃውያን የሚገባውን የሬዲዮ ክፍያ ይይዙባቸዋል።

ማሽኑ ሲመጣ

ይህ ሁሉ ሳይፈታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። በኖቬምበር 2025 ሙኒክ ያለ ፍርድ ቤት ጌማ ቻትጂፒቲን በሠራው በኦፕንኤአይ ላይ ባቀረበው ክስ፣ የዘፈን ግጥሞች ያለ ፈቃድ በሞዴሉ ውስጥ መያዛቸው የቅጂ መብት ጥሰት ነው ብሎ ፈረደ። የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ይግባኝ አለ። በዚያው ወር ዲዘር የተባለው የሙዚቃ አገልግሎት በየቀኑ 50,000 ያህል ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠሩ ትራኮች እንደሚደርሱት ተናገረ።

«ማሽኑን በዘፈኖች ለማሠልጠን ፈቃድ ይሽጡ» የሚለው መፍትሔ አሁን በየቦታው ይሰማል። ይሽጡ። ግን ማን ነው የሚሸጠው? የሌብሉ ፈቃድ የደራሲውን አይጨምርም። ደራሲው አልፈልግም ካለ፣ እንቢታው የት ይመዘገባል? መዝገቡ አራት ጸሐፊ ያለውን ዘፈን 110 በመቶ ብሎ ይዞት ተቀምጧል።

ሕግ አውጪዎች የሚሠሩት ብዙ ነው። ድርሰቱ ሳይመዘገብ ቀረጻው እንዳይጫን ማድረግ ይቻላል። ባለቤት ያጣው ገንዘብ በገበያ ድርሻ ከመከፋፈሉ በፊት ፍለጋውን ሌላ ገለልተኛ አካል እንዲመረምረው ማድረግም ይቻላል። ለስትሪሚንግ ማባዛትና ማሰማትን በአንድ ፈቃድ ማጣመር ይከብዳል፤ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ደመወዝተኛ አለ። ቢሆንም ሌላውን ሁሉ የሚያቀለው ይሄኛው ነው።

እስከዚያው ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። የድርሻ ወረቀት ይሉታል። አራት ስም፣ አራት ቁጥር፣ አራት ፊርማ፣ ድምሩ 100። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ሁሉም ደክሞት፣ በዘፈኑ ደስ ብሎት፣ «ነገ እንነጋገራለን» ይባባላሉ። ዘፈኑ ዓርብ ይለቀቃል።